ጾመኛ እናት፣ ወተት የማይስማማው ልጅ፣ ሮም በነሐሴ፦ የትኛው ምርጫ ይሻላል?

ሮም በገባን በማግስቱ አክስቴ ቤት ምሳ ተጠራን። መንገድ ላይ ለልጄ እርጎ ገዛሁ። ቤት ደርሰን ከፈትኩት፣ ማንኪያውን አፉ አጠገብ አደረስኩ። አክስቴ ከኋላ እጄን ያዙኝ። «ቆይ ቆይ፣ እስቲ አሳዪኝ» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው የማሸጊያውን ጀርባ አነበቡ። ከዚያ አንዲት ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ላቴ» ትላለች፤ ከሌሎቹ ቃላት ሁሉ ወፈር ብላ የተጻፈች። ወተት ማለት ናት።

እርጎውን የገዛሁት ፊቱ ላይ «ሴንጻ ላቶዚዮ» ስለሚል ነበር። «ሴንጻ» ማለት «የሌለበት» እንደሆነ አውቃለሁ። ላቶዚዮ ደግሞ ወተት መሰለኝ። አይደለም። ላቶዚዮ ወተት ውስጥ ያለው ስኳር፣ ላክቶስ የምንለው ነው። ላክቶስ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ብዙ ሰው ስለማይስማማው እሱን ያወጡለታል። የእኔ ልጅ ችግር ግን ከስኳሩ ጋር አይደለም፣ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ እዚያው እርጎ ውስጥ አለ። አንድ ማንኪያ ከንፈሩን ለማሳበጥ ይበቃው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ገበያም ሆነ ምግብ ቤት ስገባ ዓይኔ ሌላ ሆነ። ይህን የምጽፈው በየደረጃው ምን ምን ምርጫ እንደነበረን፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ ለማካፈል ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነበር። ወተትና እንቁላል እንደማይስማሙት በሐኪም የተረጋገጠ ነው። እኔ ፍልሰታን እጾማለሁ። ባለቤቴ ያገኘውን ይበላል። ጉዞው ከነሐሴ 5 እስከ 17 ነበር። የእናንተ አገር ሌላ፣ የማይስማማችሁም ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ምርጫዎቹ ግን ብዙም አይለያዩም።

ምግቡ የሚወሰነው አልጋ ስትይዙ ነው

ሰው ስለ ጉዞ ምግብ ሲያስብ ምግብ ቤት ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን የማምነው፣ ትንሽ ልጅ ከያዛችሁ ትልቁ የምግብ ውሳኔ የት ታድራላችሁ የሚለው ነው። እኛ ሦስቱንም ሞከርን፤ 2 ሌሊት ሆቴል፣ 6 ሌሊት ኩሽና ያለው የኪራይ ቤት፣ የቀረውን አክስቴ ቤት።

ሆቴሉ ቁርስ ያለው ነበር። ጠዋት ወርዳችሁ ጠረጴዛው ሞልቶ ስታዩ ደስ ይላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ሌላ ነው። ኮርኔቶው ቅቤና እንቁላል አለበት። ኬኩም እንደዚያው። ከዚያ እርጎ፣ ፎርማጆ፣ የተጠበሰ እንቁላል። ለእኔና ለልጄ የቀረን ዳቦ፣ ማርማላታና ፍራፍሬ ብቻ ነበር። ዳቦውንም ቢሆን ቆሜ ሳይ አንድ ሰውዬ ፎርማጆ ያነሳበትን መቆንጠጫ ወስዶ ዳቦ አነሳበት። ማንም ክፉ አላሰበም። ለእኛ ግን ያ ዳቦ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አልቋል። አስተናጋጇን ከኩሽና ያልተነካ ዳቦ ጠየቅኋት፣ በደግነት አመጣችልኝ። በማግስቱ የነበረችው ደግሞ ሌላ ሰው ናት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ማስረዳት።

ሌላው የሆቴል ችግር ሰዓት ነው። ሮም ውስጥ አብዛኛው ምግብ ቤት እራት የሚጀምረው ከምሽቱ 1፡30 አካባቢ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የሁለት ዓመት ልጅ 12 ሰዓት ላይ ይርበዋል፣ 2 ሰዓት ላይ ይተኛል። ክፍላችሁ ውስጥ ምድጃ ከሌለ ያንን ክፍተት የምትሞሉት በብስኩትና በቺፕስ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ልጄ የበላውን ሳስብ አዘንኩ።

የኪራይ ቤቱ ሁሉን ለወጠው። ሁለት ምድጃ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ጠባብ መስኮት። እንደገባን መጀመሪያ ያደረግሁት ዕቃ ማጠብ ነው። ድስቱን፣ መጥበሻውን፣ በተለይ የፓስታ ማጥለያውን፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሰው ፎርማጆ ደርቆ ይቀራል። የእንጨት ማማሰያውን ግን ጭራሽ አልነካሁትም። እንጨት ይመጥጣል፣ ይይዛል። ከቤት አንድ ማማሰያና አንድ ትንሽ መጥበሻ ይዤ ነበር፣ በሻንጣ ውስጥ ምንም ቦታ አይፈጁም።

የመጀመሪያውን እራት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስድስቱን ቀን ያኖረን እሱ ነው። በብልቃጥ የሚሸጥ የተቀቀለ ሽንብራ ገዛሁ። ጨዉ እንዲቀንስ በውሃ አለቀለቅኩት። ሽንኩርትና ዝኩኒ በወይራ ዘይት ቁሌት አደረግሁ፣ ሽንብራውን ጨመርኩ፣ የታሸገ ቲማቲም ጨመርኩ። ሲበስል ግማሹን ቀነስኩለት። በሹካ ደቆስኩትና ከትንንሽ ፓስታ ጋር ቀላቀልኩለት። በእሱ መጥበሻ ላይ ደግሞ ትንሽ የዶሮ ሥጋ ለብቻ ጠበስኩለት፤ ሕፃን ጾም የለበትም፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ ልጅ ደግሞ ሥጋና ዓሣ ያስፈልገዋል። በቀረው ግማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን በርበሬ ነሰነስኩ። የእኔና የባለቤቴ እራት ሆነ። ከገባን እስከበላን 40 ደቂቃ አይሞላም። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ፓስታ 1 ዩሮ አካባቢ ነው። ምግብ ቤት አንድ ሳህን ፓስታ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዩሮ በላይ ነው።

ዘመድ ቤት ስላለው ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የእኛ ሰው ልጅ የሚወደው በጉርሻ ነው። ስምንት ሰው በተቀመጠበት ማዕድ ስምንት እጅ ወደ ልጃችሁ አፍ ይመጣል። እያንዳንዱን እጅ መከልከል ያስፈራል፣ ያሳፍራልም። አንዳንዱ «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል፣ እኛ በቅቤ አይደል ያደግነው» ይላል። ስለዚህ ንግግሩ ማዕድ ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ በስልክ መደረግ አለበት። «አይወድም» አትበሉ። አይወድም ካላችሁ ሊያስለምዱት ይሞክራሉ። «ያሳብጠዋል፣ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል» በሉ።

ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። በጾም ወቅት ጾመኛ ቤት ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ልጅ ከየትም የተሻለ ቤት ነው። አክስቴ ቤት በፍልሰታ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ አይብ የለ። ድስቱ የጾም፣ ማማሰያው የጾም። ጉርሻው ሳይቀር ምስር ወይ ጎመን ነው። ሮም ውስጥ ልቤ ሙሉ በሙሉ ያረፈው እዚያ ነው። ጾሙ ሲፈታ ግን ይገለበጣል። ነሐሴ 16 ቀን ዶሮው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ዘመድ ቤት ለማረፍ ካሰባችሁ የጾሙን መውጫ ቀን ቁጠሩ።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከሦስት ሌሊት በላይ ከሆነ ኩሽና ያለው ቤት ያዙ፣ ከመሃል ከተማ ትንሽ ቢርቅም። በጾም ወቅት ከሆነና በግልጽ የምታወሩት ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ቤት እኩል ጥሩ ነው። ሆቴል ለአንድ ለሁለት ሌሊት ብቻ፤ እሱም ፍሪጅ ካለው።

አውሮፕላን ላይ፦ የሕፃን ምግብ፣ የጾም ምግብ ወይስ ከቤት?

ከአዲስ አበባ ሮም በቀጥታ በረራ ወደ 6 ሰዓት ነው። አየር መንገዶች ለየት ያለ ምግብ በኮድ ነው የሚያዙት። ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እኔ ትኬት በቆረጥኩ ቀን አስመዘገብኩ፣ ከመብረሬ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ ደውዬ አረጋገጥኩ።

ኮዶቹን ማወቅ ይጠቅማል። «ሲኤችኤምኤል» የልጆች ምግብ ነው። ስሙ ያታልላል። ልጅ ይወደዋል ተብሎ የሚዘጋጅ ስለሆነ ፎርማጆ፣ ፑዲንግ፣ ቸኮላት ይበዛበታል። ለእኛ ልጅ አይሆንም። «ቢቢኤምኤል» የጨቅላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በብልቃጥ የተፈጨ ምግብ። «ቪኤልኤምኤል» ሥጋ የለውም፣ ወተትና እንቁላል ግን ይኖረዋል። ብዙ ጾመኛ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ቬጀቴሪያን» ብሎ ያዛል፣ ሲከፍተው ኦምሌት ያገኛል። ለጾም የሚሆነው «ቪጂኤምኤል» ነው፤ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የለበትም።

ታዲያ ለልጁም ቪጂኤምኤል አይበቃም ወይ? ለእኔ በቂ ነበር፣ ለእሱ ግን አላመንኩትም። የጾም ምግብና ለአለርጂ የሚጠነቀቁለት ምግብ አንድ አይደሉም። የጾም ምግብ ወተት ሆን ተብሎ አልገባበትም ማለት ነው። ወተት ከተሠራበት ጠረጴዛ ላይ አልተቆረጠም ማለት አይደለም። አየር መንገዶች ይህንን ዋስትና አይሰጡም። ስለዚህ ለእሱ ከቤት ይዤ ሄድኩ። የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ወተት እንደሌለበት የማውቀው ዳቦ፣ ሁለት ሙዝ፣ የዶሮ ቁራጭ በትንሽ ዕቃ። ዶሮውን ገና ተነስተን ሳንረጋጋ አበላሁት፣ ሳይሞቅ። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሮም በነሐሴ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ።

ፍተሻ ላይ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም የሚለው ሕግ የሕፃን ምግብና ወተትን አይመለከትም። ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ማሳለፍ ይቻላል። ለይታችሁ አውጥታችሁ አሳዩ። የልጁ መድኃኒት፣ ለከባድ አለርጂ የሚወጋው የአድሬናሊን መርፌም ከታዘዘለት፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ የገባ መድኃኒት ሰማይ ላይ አይደረስበትም።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ስትገቡ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ በበረዶ የተያዘ ዶሮ ወጥ፣ ሁሉም። ለዘመድ የተላከ ነው ማለት አያድንም። የጨቅላ ዱቄት ወተትና የሕፃን ምግብ ግን ይፈቀዳል። በፋብሪካ የታሸገ፣ ሳይከፈት ፍሪጅ የማይፈልግና ለአንድ ሰው ከ2 ኪሎ የማይበልጥ መሆን አለበት። ከፍራፍሬ ደግሞ ያለ ምስክር ወረቀት የሚፈቀዱት አምስት ብቻ ናቸው፤ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ቴምር። ማንጎና ብርቱካን ይዛችሁ ከሆነ አውሮፕላኑ ላይ ብሉት።

ውጭ ስትበሉ

ሮም በአራት ፓስታዎቿ ትታወቃለች፤ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ፣ ካቾ ኤ ፔፔ። አንዱም ለእኛ አይሆንም። አራቱም ውስጥ የበግ ወተት ፎርማጆ አለ። ሦስቱ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለ። ካርቦናራ ላይ እንቁላል ይጨመርበታል። ይህን አውቃችሁ ስትገቡ ከዝርዝሩ ጋር አትታገሉም፤ ቀጥታ ወደሚሆነው ትሄዳላችሁ። «አላራቢያታ» ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቢጤ ነው፣ ለእኔ። «አል ፖሞዶሮ» በቲማቲም ብቻ ነው፣ ለልጄ። ሁለቱም ላይ ፎርማጆ ስለሚነሰንሱበት «ሴንጻ ፎርማጆ» ማለት ያስፈልጋል። እኛ አገር «ስጎ» ስንል የጾምም የፍስክም አለን፤ እዚያም ቃሉ ያው ነው፣ ግን «የጾም ስጎ» የሚባል ነገር የለም። ሥጋ እንደሌለበት ጠይቁ።

እንቁላል ለማይስማማው ልጅ የፓስታው ዓይነት ወሳኝ ነው። ደረቁ፣ በፓኬት የሚሸጠው ፓስታ በመደበኛው ስንዴና ውሃ ነው። ትኩሱ፣ በእጅ የተሠራው፣ ምግብ ቤቱ የሚኮራበት፣ ብዙውን ጊዜ በእንቁላል የተለወሰ ነው። ከድንች የሚሠራው ኞኪም እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «የቤት ሥራ ነው፣ ትኩስ ነው» ሲሏችሁ ደስ ከማለት ይልቅ ቆም በሉ።

ከሁሉ የወደድኩት ፎርኖ ነው። ፉርኖ ዳቦ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፣ ዳቦ መጋገሪያ። ፒዛ በኪሎ ቆርጠው ይሸጣሉ። «ፒዛ ሮሳ» ቲማቲም ብቻ የተቀባ ነው፣ ፎርማጆ የለውም። «ፒዛ ቢያንካ» ዘይትና ጨው ብቻ ነው። ከምግብ ቤት በርካሽ፣ በፍጥነት፣ በየትኛውም ሰዓት። መቁረጫው ግን ፎርማጆ የቆረጠው ያው መቁረጫ ነው። ለእኔ ችግር የለውም። ለልጄ ግን ገና ያልተቆረጠ ትሪ እስኪወጣ ጠብቄ፣ በንጹሕ ቢላ እንዲቆርጡልኝ ለምኜ ነው የገዛሁለት። ሁለት ጊዜ እሺ አሉኝ። አንድ ጊዜ ወረፋው ረዥም ነበርና አልተመቸም፣ ትቼው ወጣሁ። ጨዉን ደግሞ አትርሱ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ2 ግራም ጨው በላይ አያስፈልገውም። ፒዛ ቢያንካ በየቀኑ ከሆነ ያልፋል።

ሁላችንንም የሚመለከት አንድ ቃል አለ፣ «ስትሩቶ»። የአሳማ ስብ ነው። አንዳንድ ቂጣና ዳቦ ውስጥ፣ በተለይ ፒያዲና የሚባለው ውስጥ ይገባል። ጾመኛም፣ ፍስክ የሚበላም፣ ሙስሊም ወገናችንም ይህን ቃል ቢያውቅ ይጠቀማል።

ጄላቶ ፊት ልጅ ይዞ ማለፍ ከባድ ነው። ክሬም ያላቸው ወተት፣ ብዙዎቹም እንቁላል አላቸው። «ሶርቤቶ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ፍራፍሬ፣ ውሃና ስኳር ነው። ማንኪያው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። እኛ ሶርቤቶም ተውን። በምትኩ ኮክ ገዛንለት። የነሐሴ ኮክ ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ። ሐብሐብ አለ፣ በለስ አለ፣ ወይን አለ። ወይኑን ግን በቁመቱ አራት ቦታ ቁረጡ፣ ሙሉውን ፍሬ ያንቃል። ቆሎም እንደዚያው ነው። እኛ ጉዞ ስንሄድ ቆሎ እንይዛለን፣ ልጁም እጁን ይዘረጋል። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አሉ። የእነሱ ትልቁ ጥቅም ቋንቋ ነው። «ቅቤ ገብቶበታል ወይ? ድስቱስ?» ብላችሁ በአማርኛ ትጠይቃላችሁ፣ የተጠየቀው ሰው ደግሞ ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል። ጉድለቱ በርበሬው ነው፣ ለልጅ አልጫ ብቻ ይቀራል። ሌላው እንጀራው ነው። ውጭ አገር የሚጋገር እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይ ገብስ ይደባለቅበታል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ግሉተን፣ የማይስማማው ሰው ካላችሁ «ጤፍ ነው» በሚል ብቻ አትመኑ፣ ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ጠይቁ። በነገራችን ላይ ግሉተን ለማይበላ ሰው ጣሊያን ጥሩ አገር ነው። ፋርማሲ ውስጥ ሳይቀር ግሉተን የሌለው ፓስታና ዳቦ ይሸጣል። የአገሪቱ የሴሊያክ (ግሉተን የሚጎዳቸው ሰዎች) ማኅበር የሚያውቃቸው ምግብ ቤቶችም ዝርዝር አለው።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ «ሚዮ ፊሊዮ ኤ አሌርጂኮ አል ላቴ ኤ አሌ ኡዎቫ»፤ ልጄ ወተትና እንቁላል አለርጂ አለበት። ሴት ልጅ ከሆነች «ሚያ ፊሊያ ኤ አሌርጂካ» ትላላችሁ። ለራሴ ጾም ለማስረዳት ስሞክር ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። የእኔንና የልጄን አንድ ላይ ነገርኳቸው። አስተናጋጁ ሁለታችንንም እንደ ምርጫ ወሰደው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የልጁን አለርጂ ብቻ እናገራለሁ። መልስ ካገኘሁ በኋላ የእኔን።

የአሥራ አራቱ ዝርዝርና የእኛ የጾም ማዕድ

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ 14 የአለርጂ ምግቦች በሕግ መገለጽ አለባቸው። ሕጉ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሥራ ላይ ነው። በታሸገ ምግብ ላይ ደመቅ ተደርገው ይጻፋሉ፣ አክስቴ ጣታቸውን ያሳረፉባት ቃል የወፈረችው ለዚህ ነው። ምግብ ቤትም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። «ላ ሊስታ ዴሊ አሌርጄኒ» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ከምግቡ ስም አጠገብ ቁጥር ያደርጋል፣ አንዳንዱ ወረቀት ያመጣል።

ዝርዝሩን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስንዴ ይኖራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰሊጥም አለ። ሰናፍጭም አለ። ለውዝም። ግብጦ ሳይቀር። የእኛ የጾም ማዕድ ጌጦች ናቸው። ልጃችሁ ሰሊጥ ወይ ግብጦ የማይስማማው ከሆነ ጾመኛ ዘመድ ቤት ከላይ እንዳልኩት አስተማማኝ አይደለም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በዚያ ላይ ለውዝና ግብጦ ከአንድ ዘር ናቸው፣ ለውዝ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል።

«ቬጋን» (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የለበትም) የሚለው ምልክትና የአለርጂ ዝርዝሩ ሲነጻጸሩ ለእኔ ለጾመኛዋ ምልክቱ ይበቃኛል። ለልጄ የማምነው ዝርዝሩን ነው። «ፑዎ ኮንቴኔሬ ትራቼ ዲ ላቴ» የሚል ካያችሁ የወተት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ይህን መጻፍ ግን በፈቃድ ነው፣ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ አለመጻፉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ልጃችሁ ለቅሪት ያህል እንኳ የሚታመም መሆን አለመሆኑን ከጉዞ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ግዢ ላይ የምታደርጉት ጥንቃቄ መጠን ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ነው የሚቆመው።

በወተት ምትክ ምን?

የሐኪም ልዩ ወተት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ምርጫ የለም፣ እሱኑ በበቂ መጠን ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ ልጅ ከዚያ አልፎ ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ አኩሪ አተር፣ አጃ፣ ሩዝና አልመንድ ተደርድረው አገኘሁ። በአውሮፓ እነዚህን «ወተት» ብሎ መሸጥ ስለማይቻል «ቤቫንዳ» ይሏቸዋል፣ መጠጥ ማለት ነው። ይህ ለእኛ መልካም ነው፣ «ላቴ» የሚለው እውነተኛ ወተት ብቻ ይሆናል። ያፈነገጡ ግን አሉ፣ ለምሳሌ «ላቴ ዲ ማንዶርላ» የአልመንድ መጠጥ ነው።

የመረጥኩት የአኩሪ አተሩን ነው፣ ከሁሉ ፕሮቲኑ ስለሚሻል። ስኳር ያልገባበትና ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን አይቼ። አኩሪ አተር ለማይስማማው ልጅ የአጃው ይከተላል። የሩዙን አልገዛሁም። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት አርሴኒክ በሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ምክንያት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሩዝ መጠጥ አይመክርም። የፍየል ወተትን የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉም አይስማማውም፣ ፕሮቲኖቹ በጣም ይመሳሰላሉ። ውሃ ግን አያሳስባችሁ። በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈሱት ናዞኒ የሚባሉት ቧንቧዎች የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ነው ያላቸው። የልጄን ኮዳ እዚያ ነበር የምሞላው።

ነሐሴ 9፣ በእነሱ አቆጣጠር ነሐሴ 15፣ ፌራጎስቶ የሚባል በዓላቸው ነው። ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፣ አንዳንዱ በዚያ ሳምንት ሙሉ አይከፍትም። እኛ በዋዜማው ፓስታ፣ ሽንብራ፣ ዶሮና ፍራፍሬ ሞልተን ነበር። ኤስኩዊሊኖ የሚባለው የቤት ውስጥ ገበያ፣ ከቴርሚኒ ብዙም አይርቅም፣ ለእኛ ሰው ይመቻል። ቅመሙ፣ ምስሩ፣ ቃሪያው አለ። ጠዋት መሄድ ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ አልፎ ልጁ ቢያብጥ፣ መተንፈስ ቢያቅተው ወይም ደጋግሞ ቢያስታውክ፣ የታዘዘለትን መርፌ ወዲያው መስጠትና 112 መደወል ነው። ቁጥሩ በመላው አውሮፓ ኅብረት አንድ ነው። ያረፋችሁበትን አድራሻ በጣሊያንኛ ጽፋችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ያን ሰዓት የመንገድ ስም ማስታወስ አይቻልም።

ነሐሴ 16 ቀን አክስቴ ቤት ሰው ሞላ። ዶሮ ወጡ ከጠዋት ጀምሮ ሸትቷል። አክስቴ ግን ከሌሊቱ ተነስተው፣ ቅቤው ከፍሪጅ ሳይወጣ፣ የልጄን የድንችና የካሮት አልጫ ሠርተው በክዳን ሸፍነው አስቀምጠዋል። ሰማያዊ ሳህን ለእሱ ለይተው ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈዋል። ቦታውን ከእኔ ጎን፣ ከትልቁ ትሪ ራቅ አድርገው አዘጋጁ። መሃል ላይ አንድ እንግዳ፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልለው «ና የኔ ጌታ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት አክስቴ ተነሱ። «ቆይ ቆይ አባቴ፣ እሱ ለእኔ ይሁን» አሉና ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። ልጄ አልጫውን መብላቱን ቀጠለ።